ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው በባዕድ ከተማ ለምን ይወድቃል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሰዎች በሚጻፉ ምክሮች ውስጥ አንድ ነገር አይቀርም፦ «እንደደረሳችሁ ብስክሌት ግዙ፣ የትራንስፖርት ወጪ ይቀንስላችኋል»። ምክሩ እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ስለሚቆም ግን ሰው ያስጎዳል። ብስክሌት መንዳት የሚችል ሰው የትም ቢሄድ ይነዳል ተብሎ ይታሰባል። ሚዛን መጠበቅና ፔዳል መርገጥ በእርግጥ በሁሉም አገር አንድ ናቸው። የፊት ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሚያዝ፣ ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አስፋልት ላይ የተቀባ ነጭ ሦስት ማዕዘን ማንን እንደሚያስቆም፣ ጎማው በምን ዓይነት ፓምፕ እንደሚነፋ ግን ከተማ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። የከተማው ተወላጅ ይህን ሁሉ ገና በልጅነቱ ስለለመደው ለማንም አያስረዳም፤ የሚያስረዱት ነገር መሆኑም አይታየውም። እንግዳው ደግሞ በተሳሳተ ቁጥር ደወል ይደወልበታል፣ ይጮኽበታል፣ ይቀጣል።

ከፍሬኑ ልጀምር፤ የመጀመሪያው ሳምንት አደጋ አንዱ ምንጭ እሱ ነውና። በብሪታንያ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያ በሚሸጡ ብስክሌቶች የፊት ጎማ ፍሬን የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ እጅ ነው። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን የፊተኛው በግራ እጅ፣ የኋላው በቀኝ ነው። እግረኛ ድንገት ሲገባ ሰው ቆም ብሎ አያስብም፤ የሚቀድመው እጁ ነው። የኋላውን የያዘ መስሎት የፊተኛውን ጭምቅ ሲያደርገው የፊት ጎማ ቀጥ ይላል፣ የነጂው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣል፣ ሰውየውም በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። መፍትሔው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ገና ሳይወጡ፣ ብስክሌቱን ከጎን እየገፉ አንዱን የፍሬን እጀታ ብቻ መያዝና የትኛው ጎማ እንደቆመ ማየት፣ ከዚያ ሌላውን መድገም። በሽቦ እየተሳበ ቸርኬውን የሚነክስ ዓይነት ፍሬን ከሆነ ጠጋኝ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጦ በለመዱት እጅ ሊያደርግላችሁ ይችላል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ሥራው ይበዛል፤ እሱን ለምዶ መንዳት ይሻላል።

በኔዘርላንድስ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ደግሞ ብዙ የከተማ ብስክሌቶች የኋላ ፍሬናቸው በእግር ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ጎማው ይያዛል። ይህን የማያውቅ ሰው እግሩን ለማሳረፍ ብሎ ፔዳሉን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያዞር ሰው በፍጥነት በሚነዳበት መንገድ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ይጋጨዋል። ቀይ መብራት ላይም ሌላ ችግር አለ። ቆሞ ሳለ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሮ ለመነሻ ማመቻቸት አይቻልም፤ ስለዚህ ገና ከመቆሙ በፊት አንዱ ፔዳል ከፍ ብሎ ወደ ፊት ባዘነበለበት ቦታ ላይ ፍሬኑን መያዝ አለበት። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ፍሬን የሚሠራው በካቴናው በኩል መሆኑ ነው። ካቴናው ላልቶ ከወለቀ የኋላ ፍሬን የለም ማለት ነው። ያገለገለ ብስክሌት ሲገዙ በእጅ የሚያዝ የፊት ፍሬን እንዳለውና እንደሚይዝ ሳያረጋግጡ መውጣት አይገባም።

ወደ መንገዱ ስንወጣ፣ ቀኝ ይዞ በሚነዳበት አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደ ግራ ሲታጠፍ ነው። በዴንማርክ ብስክሌት ነጂ እንደ መኪና ወደ መንገዱ መሐል ገብቶ ወደ ግራ መታጠፍ አይፈቀድለትም። ቀኙን እንደያዘ መስቀለኛውን ቀጥ ብሎ ይሻገራል፣ ማዶ ጥጉ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በሚሄድበት አቅጣጫ መብራቱ ሲፈቅድለት ይቀጥላል። ጥጉ ላይ ለመቆም ሲያስብ እጁን ከፍ አድርጎ መዳፉን ያሳያል፤ ከኋላው ለሚመጡት «ልቆም ነው» ማለቱ ነው። ይህን ምልክት ሳያሳይ ድንገት የቆመ እንግዳ ከኋላው አሥርና አሥራ አምስት ሰው ተከትሎት ሊሆን ይችላል። ሰላምታ መስሎት እጁን አንሥቶ የሚመልስ እንግዳም አለ፤ እሱም ሳያውቅ «ልቆም ነው» አለ። በሌላ ብዙ አገር ደግሞ ወደ መሐል ገብቶ መታጠፍ ይፈቀዳል። አገሩ የትኛውን እንደሚከተል አስቀድሞ መጠየቅ እንጂ «እንደ መኪናው አደርጋለሁ» ብሎ መገመት አያዋጣም።

አስፋልት ላይ ስለሚቀቡት ነጭ ሦስት ማዕዘኖችም ልናገር። በኔዘርላንድስ «የሻርክ ጥርስ» ይሏቸዋል፤ ብስክሌት መንገድ ላይም ይቀባሉ። አነባበባቸው ቀላል ነው፦ ሹል ጫፋቸው ወደ ነጂው ካመለከተ ለሌላው ቅድሚያ መስጠት ያለበት እሱ ነው፤ ሹሉ ወደ ሌላው ካመለከተ የሚጠብቀው ሌላው ነው። ምንም ምልክት በሌለበት መገናኛ ደግሞ በኔዘርላንድስ፣ በጀርመን፣ በቤልጅየምና በፈረንሳይ ከቀኝ የሚመጣ ይቀድማል። ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እንግዳው «እኔ ያለሁት በሰፊው መንገድ ነው፣ እሱ ከጠባቡ ነው የሚወጣው» ብሎ ሲያልፍ፣ ከቀኙ ጠባብ መንገድ የሚወጣው መኪና መብቱን ይዞ ይመጣበታል። መብቱ ለብስክሌትም ይሠራል፤ በኔዘርላንድስ ከቀኝ የሚመጣ ብስክሌት በሞተር ተሽከርካሪ ላይ ቅድሚያ ያገኘው ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2001 ጀምሮ ነው።

ሰውን እያዩ መማር በዚህ ነገር ላይ ጉዳት አለው። በፈረንሳይ አንዳንድ የትራፊክ መብራት ላይ ቢጫ ብስክሌትና ቀስት ያለበት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይሰቀላል። ትርጉሙ፣ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ ብስክሌት ነጂ ለሌሎች ቅድሚያ እየሰጠ በቀይ ማለፍ ይችላል ነው። አዲስ ሰው ምልክቱን ሳያይ ሰዎቹ ሲያልፉ ብቻ ያያል፤ «እዚህ አገር ቀይ መብራት ብስክሌትን አይመለከትም» ብሎ ይደመድማል፤ ቀጥሎ ባለው መብራት፣ ምልክቱ በሌለበት፣ ያልፋል። ቅጣቱም አደጋውም እዚያ ነው። የብስክሌት መንገድ ምልክትም እንዲሁ ነው። በፈረንሳይ ክብ ሰማያዊ ምልክት ውስጥ ነጭ ብስክሌት ካለ በዚያ መንገድ መሄድ ግዴታ ነው፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን ምርጫ ነው። በጀርመንም ክቡ ሰማያዊ ያስገድዳል፤ በግራ በኩል ባለ የብስክሌት መንገድ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳትም የሚፈቅድ ምልክት ከሌለ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ትራም ሃዲድ ልምጣ። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ትራም በሌለበት ከተማ መንዳት የተማረ ሰው በፍጹም የማይጠብቀው አደጋ ስለሆነ ነው። ከመንገዱ እኩል የተቀበረው ሃዲድ ጎን የመንኮራኩሩ ጠርዝ የሚገባበት ቦይ አለ፤ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደ የከተማ ብስክሌት ጎማ ስፋት ደግሞ 37 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ለቦዩ የተለካ ይመስል ግጥም ብሎ ይገባል። አንዴ ከገባ መሪው አይታዘዝም፤ ብስክሌቱ በሃዲዱ አቅጣጫ ሲሄድ የነጂው አካል ወደ ጎን ይወድቃል። ዋናው መመሪያ ሃዲዱን በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጎ፣ ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ መቁረጥ ነው፤ ቢያንስ 60 ዲግሪ። ችግሩ፣ መኪና ላለመንካት ወይም የቆመ መኪና ለማለፍ ሰው የሚሻገረው ሳያስበው በጣም በጠበበ ማዕዘን መሆኑ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ገና በሩቁ ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ማየትና በእጅ ማሳየት፤ መጀመሪያ ከሃዲዱ ትንሽ መራቅ፤ ከዚያ መሪውን አዙሮ ቀጥ ብሎ መቁረጥ፤ ጎማው ብረቱን በሚረግጥበት ቅጽበት ፍሬን አለመያዝ፣ ፔዳል በኃይል አለመርገጥ፣ አካልን አለማዘንበል። ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ማለትም ይረዳል። ዝናብ ካለ ሃዲዱ ብቻ ሳይሆን የጉድጓድ ክዳኑም፣ የዜብራው ቀለምም ያንሸራትታል፤ እርጥብ ብረት ላይ ያዘነበለ ጎማ አይይዝም። ጎማው ከገባ በኋላ ደግሞ መሪውን ለመጠምዘዝ መታገል ውድቀቱን ያፋጥነዋል። ቀጥ ብሎ በኋላ ፍሬን ፍጥነት መቀነስና እግር ማውረድ ነው የሚሻለው። ሃዲዱ ወደ ማቆሚያው ጠርዝ በሚጠጋባቸው ቦታዎችና ሃዲዶች በሚከፋፈሉበት መገናኛ፣ ካላመናችሁ ወርዳችሁ ግፉት፤ ነውር የለውም።

የቆሙ መኪኖች በር ከባድ ነገር ነው። ከቆመ መኪና ጎን ስታልፉ ቢያንስ ከ1 ሜትር በላይ፣ ቢቻል 1 ሜትር ተኩል መራቅ ያስፈልጋል፤ የተከፈተ በር ወደ 1 ሜትር ይደርሳልና። አንዳንድ ከተማ የብስክሌት መስመሩን ራሱ በበሩ ክልል ውስጥ ይቀባዋል። በተቀባው መስመር ውጫዊ ጠርዝ በኩል መንዳት ይመረጣል። ቀኝ ይዞ በሚነዳበት አገር በትልቅ የጭነት መኪና ቀኝ፣ ግራ ይዞ በሚነዳበት ደግሞ በግራው በኩል መስቀለኛ ላይ ጎን ለጎን መቆም አይገባም፤ መኪናው ሲታጠፍ ጎኑ ወደ ነጂው ይዘጋል። የሾፌሩን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ካላያችሁት እሱም አያያችሁም።

ጎማ ሲተነፍስ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ብስጭት ነው፤ ብዙ ሰው ብስክሌቱን ትቶ ወደ አውቶቡስ የሚመለሰውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቫልቭ በዓለም ላይ ሦስት ዋና ዓይነት አለው። ወፍራሙ ከመኪና ጎማ ጋር አንድ ነው፤ በማደያ ማሽን ይነፋል። ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ዳዶ ያለው፣ ዳዶው ወደ ግራ ዞሮ ካልላላና በጣት አንዴ ተጫን ተደርጎ «ሽስ» ካላለ አየር አይቀበልም፤ ከተነፋ በኋላ ተመልሶ መጠበቅ አለበት። ሦስተኛው በኔዘርላንድስ፣ በጀርመንና በጃፓን የከተማ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ነው። ከጎማው ወፍራም አንገት ላይ ውስጠኛውን ክፍል የሚይዝ ቀለበት ዳዶ አለው፤ በቀጭኑ ቫልቭ የፓምፕ አፍ ይነፋል። በአሮጌው ዓይነት ውስጥ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተጎናጽፏል። ይህ ቱቦ ሲያረጅ ይደርቅና አየር ቀስ እያለ ያስወጣል። እንግዳው ተበሳ ብሎ ጎማውን ይፈታል፣ በውሃ ይፈትሻል፣ ቀዳዳ አያገኝም፣ ማታ ነፍቶት ያደረው ጠዋት ተኝቶ ያገኘዋል። የሚለወጠው ያ ቱቦ ወይም ውስጠኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ቀለበቱን ፈትቶ አውጥቶ መተካት በቂ ነው። ሌላው ስህተት፣ ቀጭን ቫልቭ ያለውን የውስጥ ጎማ ለወፍራም ቫልቭ በተበሳ ቸርኬ ላይ ማስገባት ነው። የቸርኬው ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ለቀጭኑ የሚበቃው 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ቫልቩ እየተወዛወዘ ከሥሩ ይቀደዳል። ቀዳዳውን የሚያጠብ ትንሽ ቀለበት ከጎማው ጋር መግዛት ያስፈልጋል።

የጎማ መጠንም በ«26» እና በ«28» ብቻ ተጠርቶ አይገዛም፤ ሁለቱም ስሞች ከአንድ በላይ መጠን አላቸው። ከጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተያያዙ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 37-622፣ ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለተኛው ቁጥር ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። «26» የሚባለው 559ም 590ም ይሆናል፤ «28» የሚባለው 622ም 635ም ይሆናል። የ622 ጎማ በ635 ቸርኬ ላይ በጉልበት አይገባም። ወደ መሸጫ ስትሄዱ ይህን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ፤ ቋንቋው ባይገባችሁ እንኳ ቁጥሩ ይናገራል። የአየር መጠንም እዚያው ጎን ላይ ተጽፏል። አንዱ ፓምፕ በባር ሌላው በፒኤስአይ ይለካል፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። አየር አንሶት ጠርዝ ላይ የተጋጨ ጎማ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል፤ አንዱን ለጥፎ ሌላውን የረሳ ሰው በማግስቱ ያው ችግር ይመለስበታል።

ሲለጠፍ የሚበላሸው ደግሞ በችኮላ ነው። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማጣበቂያው በስሱ ይቀባል፣ እስኪደበዝዝና በጣት ሲነካ እስከማይረጥብ ድረስ 5 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ መለጠፊያው ይጫናል። ማጣበቂያው እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ይነሣል። ካቴናው ሙሉ በሙሉ በተሸፈነ ከባድ የከተማ ብስክሌት ላይ የኋላ ጎማ ማውጣት ሥራ ስለሚበዛበት፣ ጎማውን ሳይፈቱ የውስጡን በጎን ስቦ አውጥቶ ባለበት መለጠፍ ይቻላል። መውጣቱ የግድ ከሆነ ደግሞ የአብዛኞቹ ዳዶ 15 ሚሊ ሜትር መፍቻ ይፈልጋል።

ስለ ቁልፍ፣ በብዙ የአውሮፓ ከተማ ብስክሌት የኋላ ጎማው ላይ የተገጠመ ክብ ቁልፍ አለው። እሱ ነድተው እንዳይሄዱ እንጂ ተሸክመው እንዳይሄዱ አያግድም። ቴላዮውን (የብስክሌቱን አጽም) እና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ፣ መሬት ላይ ከተተከለ ነገር ጋር የሚያስር ሁለተኛ ቁልፍ ያስፈልጋል። ምሰሶው አጭር ከሆነ ብስክሌቱ እስከነቁልፉ ተነሥቶ ይወጣል፤ ላይኛውን ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። የብስክሌቱ አለመኖር ሁልጊዜ ስርቆት አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በአምስተርዳምና በጃፓን ከተሞች ከተፈቀደው ቦታ ውጭ የቆመ ብስክሌት በከተማው አስተዳደር ተነሥቶ ወደ ማከማቻ ይወሰዳል። መጀመሪያ ማከማቻውን መጠየቅ ነው። ለማውጣት ቁልፉ፣ የቴላዮው ቁጥርና የብስክሌቱ ፎቶ ይረዳሉ፤ ቁጥሩን በገዙበት ቀን ያልጻፈ ሰው ንብረቱን ዓይኑ እያየ ማስረዳት ያቅተዋል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሥር ተመትቷል። ያገለገለ ብስክሌት ሲገዙ ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት አትግዙት። በኔዘርላንድስ ቁጥሩ በተሰረቁ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ በፖሊስ በኩል በነፃ ማጣራት ይቻላል። በጃፓን ብስክሌት በባለቤቱ ስም መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ከሌላ ሰው ሲገዙ ስሙን ካላዛወሩ ፖሊስ አስቁሞ ቁጥሩን ሲያይ ጥያቄው ረጅም ይሆናል።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ልለፍ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ያለ ሄልሜት መንዳት ያስቀጣል። በኔዘርላንድስ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ በፈረንሳይ ደግሞ እየነዱ የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ክልክል ነው። በኔዘርላንድስ ባቡር ከጁላይና ከኦገስት በቀር በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የማይታጠፍ ብስክሌት ማስገባት አይፈቀድም። መብራት ደግሞ በጨለማ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ስለሆነ፣ ጠዋት በብርሃን የወጣ ሰው መብራት ሳይዝ መውጣት አይችልም። በብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ቻርጁን በየማታው መሙላት ነው።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ አንድ የውጭ ከተማ ትምህርት ወይም ሥራ በምታትሙበት ገጽ ላይ ከ«ብስክሌት ግዙ» ቀጥሎ አንድ አነስተኛ ሳጥን ጨምሩ፤ የፊት ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መታጠፍ እንዴት እንደሚፈቀድ፣ ምልክት በሌለበት ማን እንደሚቀድም፣ ትራም መኖር አለመኖሩ፣ የቫልቩ ዓይነት፣ የተነሣ ብስክሌት የሚገኝበት መሥሪያ ቤት። ይህን የሚያውቁ አንባቢዎች በየከተማው አሉ፤ ከየከተማው አንድ አንድ ሰው ጠይቃችሁ ብታትሙ መልሱ ከግማሽ አምድ አይበልጥም። ሰው ከመሄዱ በፊት ቆርጦ ሻንጣው ውስጥ ሊከተው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ብስክሌት ነጂ አንባቢያችሁ